ከድልድዩ ሥር ያለፈው ፊት

ዑዘይርን ያወቅሁት ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው። ሌላውም ሰው የሚያውቀው እንዲሁ ነው፤ ወይ ቁልፍ ጠፍቶበት፣ ወይ በር ተቆልፎበት፣ ወይ አዲስ ተከራይ አስገብቶ። ሱቁ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የነበረች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የቆርቆሮ ሱቅ ናት። አባቱ ከወሎ፣ ከወረባቦ መጥተው እዚያችው ቦታ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጓጉንቸር ሲጠግኑ ኖረዋል። እሳቸው ሲያርፉ ሞርሳውንም፣ ሞረዱንም፣ ደንበኛውንም ዑዘይር ተረከበ። ዘንድሮ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲያወራ እጁን በጨርቅ የሚጠርግ ሰው ነው፤ እጁ ንጹሕ ቢሆንም ይጠርጋል።

ሰው ቁልፍ ሠሪ ከብረት ጋር ብቻ የሚውል ይመስለዋል። ዑዘይር ግን የሚውለው ከሰው ፊት ጋር ነበር። አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ መጥቶ ሌላ ቅረጽልኝ ሲል፣ ቁልፉ የራሱ ይሁን የሌላ ብረቱ አይናገርም። ስለዚህ ዑዘይር ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ቀና ብሎ ሰውየውን ያያል። ካላማረው ማሽኑ ተበላሽቷል ይላል፤ ማሽኑ ከኋላው እየዞረም ቢሆን። ሊሰርቁ የሰው ቁልፍ ሳሙና ላይ አትመው የሚመጡትን ገና ከመንገዱ ማዶ ሲነሡ እንደሚለያቸው ይወራለት ነበር። አንዴ ያየውን ፊት ደግሞ አይረሳም። እኔ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሼ ብሄድ፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ፣ የላይኛው በርህ ቁልፍ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ይይዝ ነበር፣ ተስተካከለ ወይ አለኝ። የሰፈሩ ሰው ካሜራው ይለው ነበር። በዚህ ስም ደስ ይለው እንደነበር አይደብቅም።

የምጽፈውን አብዛኛውን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ የቀረውን ባለቤቱ ዐፊፋና ጎረቤቱ ካሣሁን ነግረውኛል። ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ "ጻፈው፤ ግን አየ ብለህ አትጻፍ። ያየ መሰለው ብለህ ጻፍ" አለኝ።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድበው የማሽኑ ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጋብ ሲል ወንዙ መሙላቱን የሰማ ሁሉ፣ እንደ ልማዱ፣ ሊያይ ወደ ድልድዩ ወጣ። ዑዘይርም ወጣ። ውሃው በሚመጣበት በላይኛው ወገን፣ ከካሣሁን አጠገብ ቆመ። ካሣሁን በበጋ ቀበቶ፣ በክረምት ጃንጥላ የሚሸጥ፣ ጨዋታ የማያልቅበት የአራዳ ልጅ ነው። ያን ቀን ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ላላፊ አግዳሚው ጃንጥላ ያሳይ ነበር።

ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ እየጮኸ ይመጣል። ቅርንጫፍ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ የአንድ ቤት በር ሳይቀር ይዞ ነበር። ከበሩ ኋላ አንድ ክብ ነገር መጣ። ግማሹ ከውሃው በላይ ነው። ከላይ ሁለት ጠቆር ያሉ ቦታዎች፣ ከሥራቸው አንድ ክፍት ቦታ። ድልድዩ ሥር ሊገባ ሲል ውሃው አገላበጠውና ወደ ላይ ዞረ። ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ያለች አፍታ ናት። ፊት ሆኖ ዑዘይርን ያየው መሰለው። ሊጮህ አፉን ከፈተ።

ግን አልጮኸም። ወደ ካሣሁን ዞረና፣ "ያ ምንድን ነው?" አለው።

"ጀሪካን ነዋ" አለ ካሣሁን።

ጀሪካን ሲባል ሰውነቱ ሁሉ ቀለለው። መንገዱን ተሻግሮ ነገሩ በታችኛው ወገን ሲወጣ ማየት ይችል ነበር። መኪናው ሁሉ በዝናቡ ምክንያት ቆሞ ስለነበር የሚያግደው አልነበረም። በኋላ ደጋግሞ ለክቶታል፤ ከአንዱ ወገን እስከሌላው አሥራ አራት እርምጃ ነው። ነገር ግን ሱቁ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት በዝናብ በስብሳ፣ አስቤዛዋን እንዳቀፈች ቆማ ትጠራው ነበር፤ ቁልፍ ልታስቀርጽ። ሄደና ቀረጸላት። ያ ቁልፍ ዛሬም ይታየዋል፤ ባለ አምስት ጥርስ፣ ጫፉ ትንሽ የጎበጠ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የመብራት ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። ልጃችን ዘርዓብሩክ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ መኪና በማጠብ ሥራ የሚተዳደር፣ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ያያችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልን ይላል። የጠፋበት ቀን ያ የበረዶው ቀን ነው። ፎቶው የጥምቀት ዕለት የተነሣው ይመስላል። ባለ ቀይ ኮሌታ ሹራብ ለብሷል፤ ሊስቅ ሲል የተቀረጸ በመሆኑ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ዑዘይር ምሰሶው ሥር ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አያውቅም። ፊቱን አወቀው። ከውሃው ውስጥ ያየው ፊት ነው።

ወይም አይደለም። እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይቀንሳል። ፎቶውን ከማየቱ በፊት ያ ክብ ነገር ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ሲሞክር የሚመጣለት የፎቶው ፊት ነው። ሁለቱ ጠቆር ያሉ ቦታዎች የዘርዓብሩክ ዓይኖች ሆነዋል፤ ክፍቱ ቦታ ሊስቅ ያለ አፍ ሆኗል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም ፊት ተምታቶበት አያውቅም። ይህን ፊት ግን መጀመሪያ ያየው ውሃው ላይ ይሁን ወረቀቱ ላይ፣ መለየት አቃተው።

ካሣሁንን ጠየቀው። ካሣሁን፣ ጀሪካን ነው አልኩህ እኮ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ብሎ ሳቀበት። ዑዘይር ቢጫ ነገር አያስታውስም። በማግስቱ ወረቀቱን ከምሰሶው ላይ ቀስ ብሎ አላቀቀ፣ አጠፈና ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሁለት ቀን ቆይቶ አስከሬኑ ከታች፣ ከተማው ዳር ተገኝቶ መቀበሩን ሰማ። ለቅሶ አልሄደም። ምን ብሎ ይሄዳል? ለዐፊፋም አልነገራትም።

መጀመሪያ የመጡት ጓጉንቸሮቹ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መካከል አንዱ አፈጠጠበት። የቁልፍ ማስገቢያው አፍ፣ ከላዩ ያሉት ሁለት የምስማር ራሶች ዓይን ሆነው። ለዓመታት ሲያየው የኖረው ጓጉንቸር ነው። ገልብጦ ሰቀለው፣ ተሻለው። በሳምንቱ ግን ሌሎቹም ማየት ጀመሩ። ሁሉንም ገልብጦ ሰቀላቸውና ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቀው አቧራ እንዳይገባባቸው ነው አለ። ቀጥሎ ቁልፎቹ መጡ፤ ራሳቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው። ቀጥሎ ቤቱ፤ ጣሪያው ያፈሰሰበት የግድግዳ ጥግ፣ ወንበር ላይ የተጣለ ጋቢ፣ የታክሲ ወንበር የተቀደደ ቆዳ፣ ግቢው ውስጥ የደረቀ ጭቃ።

ሁሉም ዘርዓብሩክ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር ይላል። ግን አልነበሩም፤ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ አለ፣ ሴት አለች፣ ሕፃን አለ። ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል። ሁሉም እሱ አንድ ነገር እስኪናገር የሚጠብቁ ይመስላሉ።

የባሰው ደግሞ የሕያዋኑ ነው። የደንበኛ ፊት ቀና ብሎ ሲያይ፣ ፊቱ ይበተንበትና ሁለት ጠቆር ያሉ ቦታዎችና አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ይሆንበታል። ስለዚህ ቀና ማለቱን ተወ። ቁልፍ ተቀብሎ፣ ቀርጾ፣ አንገቱን እንደደፋ ይሰጣል። አንድ ቀን ሰው ከሄደ በኋላ ባንኮኒው ላይ የተረሳ የሳሙና ቁራጭ አገኘ። ሲያገላብጠው የቁልፍ ቅርጽ ታትሞበታል። ማን እንዳስቀረጸው አላየም፤ የማን በር እንደሚከፍትም አያውቅም። ሱቁን ዘግቶ አንድ ሳምንት ቤት ዋለ።

ዐፊፋ ነገሩን ያወቀችው በሰላት በኩል ነው። መስጊድ ውስጥ የምንጣፉ አበባ ሁሉ ፊት ሆነበትና ዓይኑን ጨፍኖ መስገድ ጀመረ። ከጎኑ የሚሰግዱ አንድ አዛውንት፣ ልጄ፣ ዓይንን ጨፍኖ መስገድ አይወደድም፣ ችግር ካለህ ንገረን አሉት። ከዚያ በኋላ ቤቱ መስገድ አበዛ። ቤት ውስጥ ያለው መስገጃም ጌጥ ያለበት ነው። ዐፊፋ ጥቂት ቀን አየችውና ምንም ሳትጠይቅ ከነጭ አቡጀዲ መስገጃ ሰፍታ አነጠፈችለት። ጌጥ የሌለው፣ ጥርት ያለ ነጭ። እሱ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሲነሣ እንባው ወረደ። ያን ዕለት ሁሉንም ነገራት።

አላሾፈችበትም፣ አላጽናናችውምም። ለልጁ ዱዓ አድርገህለታል ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። እናቱን ሄዶ ማየት እንዳለበትም ነገረችው። እሱን አልቻለም።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ወንዙ እንደገና ሞላ። ዑዘይር ዓመት ሙሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ማለፍ ግድ ሲሆንበት ጫማውን እያየ ነው የሚያልፈው። ያን ቀን ግን የውሃውን ጩኸት ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሲሰማ እግሩ ራሱ አወጣው። በላይኛው ወገን ቆመ። ብዙም ሳይቆይ መጣ። ነጭ ፊት፣ ዓይን ያለው፣ አፍ ያለው፣ አንገትና ትከሻም ያለው።

"ሰው አለ! ሰው!" ብሎ ጮኸ።

ካሣሁን ጃንጥላዎቹን ጥሎ ሮጠ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ገመድ ይዘው በታችኛው ወገን ወደ ወንዙ ወረዱ። ያ ነገር ድንጋይ ይዞት ቆሞ ነበር። ካሣሁን ሊደርስበት ጥቂት ሲቀረው ጭቃው አንሸራተተውና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ቢሆንም ጎትተው አወጡት። አንድ እጅ የሌለው፣ ራሱ መላጣ የሆነ፣ ልብስ ቤቶች ደጃፍ ላይ ልብስ የሚያለብሱት አሻንጉሊት ነበር።

ድልድዩ ላይ አጋድመው ተሳሳቁበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራው መባሉ ቀረና ስሙ "ሰው አለ" ሆነ። ሲያልፍ ከኋላው "ሰው አለ" ይሉታል፤ በክፋት አይደለም፣ ሰፈሩ እንዲህ ነው። ዑዘይር ግን በስሙ አልተናደደም። እንዲያውም የዚያን ዕለት ሱቁ ገብቶ ሲቀመጥ፣ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሙሉ ለሙሉ የገባለት መሰለው። ጮኋል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ጮኋል። ያሳፈረው የካሣሁን እግር ነው።

ካሣሁን ቤት ሊጠይቀው ሄደ። ካሣሁን እግሩ በጀሶ ታሽጎ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ስለ አሻንጉሊቱ ተጨዋወቱ፤ ካሣሁን ራሱ ነው የሚያስቀው። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

"ዑዜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የዚያን ጊዜ ጀሪካን ነው ያልኩህ ሳላይ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የቆምኩት። በዝናብ ጊዜ የሚመጣው ጀሪካን ስለሆነ ጀሪካን አልኩህ።"

"ቢጫ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ጀሪካን ቢጫ አይደል እንዴ።"

አንድ ዓመት ሙሉ፣ ፊቶቹ ሲበዙበት ዑዘይር የሚይዘው አንድ ነገር ይህ ነበር፤ ሌላ ሰው አይቷል፣ ያየውም ጀሪካን ነው። አሁን ያየው እሱ ብቻ ሆነ።

ቤት ሲገባ ሲሀም ጠበቀችው። ሲሀም የመጨረሻ ልጁ ናት፤ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ባዮሎጂ ትማራለች። እናቷ ነግራታለች፤ ስለ አሻንጉሊቱ ደግሞ ከሰፈሩ ሰምታለች። አባቷ አእምሮውን እየሳተ መስሎት እንደሚሰቃይ ገብቷታል። ስለዚህ አጠገቡ ተቀመጠችና የምታውቀውን ልትነግረው ጀመረች።

እብደት አይደለም አባ፣ አለችው። ሕፃን ልጅ ከተወለደ ቀናት እንኳ ሳይሞላው፣ ከላይ ሁለት ነጥብ ከታች አንድ ነጥብ ያለበት ወረቀት ብታሳየው ዓይኑ ይከተለዋል። ገልብጠህ ብታሳየው ግን ያን ያህል አይከተልም። ዑዘይር ይህን ሲሰማ የገለበጣቸው ጓጉንቸሮች ትዝ አሉትና ቀና አለ። አንጎላችን ውስጥ ፊት ሲያይ የሚነቃ ቦታ አለ፣ አለች ቀጥላ። የሰው ፊት ሲያይ ይነቃል፤ ድንጋይ፣ ደመና፣ የመኪና መብራት ፊት ሲመስለውም ይነቃል። እኛ ገና ማሰብ ሳንጀምር እሱ ወስኗል። የጎደለውን ደግሞ ከሚያውቀው፣ ከሚፈራው፣ ከሚናፍቀው ይሞላል። ይህ የተበላሸ አንጎል ሥራ አይደለም፤ የጤነኛ አንጎል ሥራ ነው። ጥንት ዱር ውስጥ የኖሩ ሰዎችን አስባቸው። ድንጋይ አይቶ ሰው የመሰለው ይደነግጣል፣ ይስቃል፣ መንገዱን ይቀጥላል፤ ምንም አልጎደለበትም። ሰው አይቶ ድንጋይ የመሰለው ግን...

እዚህ ላይ ቆመች። ምን እንደተናገረች ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት።

"ጨርሺው" አላት ዑዘይር።

"አባ፣ እኔ እንዲያ ለማለት ፈልጌ..."

"አውቃለሁ። ስለዚህ የዚያን ቀን አንጎሌ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ሰው ነው ብሎኛል። ጀሪካን ነው ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሲሀም አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። በማግስቱ መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣና ስልኩን ደወለ።

አንዲት ሴት አነሣች። ዑዘይር ምን እንደሚል አስቦ አልነበረምና፣ ቁልፍ ሠሪው ነኝ አለ። ቁልፍ አልጠፋብኝም አለች ሴትዮዋ። ከዚያ የልጁን ስም ጠራ። ሊዘጋ ሲል፣ ሥላሴ በር ላይ ጧፍ እሸጣለሁ፣ የሺዓለም ብለው ይጠይቁ፣ አለችው።

ከፒያሳ እስከ ሥላሴ በእግሩ ሄደ። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ጫማውን እያየ አለፈ። የሺዓለም ከአጥሩ ሥር፣ ከሌሎች ጧፍ ሻጮች ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ወደ ስድሳ የሚጠጋት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት። ሌላ በርጩማ ስላልነበራት የጧፍ ካርቶን ገልብጣ አስቀመጠችው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሰላት ኮፍያውን አድርጎ መቀመጡ ትንሽ አሳፍሮት ነበር፤ እሷ ግን ያየችውም አይመስል።

ሳያሳምር ነገራት። ክብ ነገር እንዳየ፣ ፊት እንደመሰለው፣ ሊጮህ አፉን ከፍቶ እንዳልጮኸ፣ አሥራ አራት እርምጃ ተሻግሮ እንዳላየ። ፊት ይሁን አይሁን ዛሬም እንደማያውቅ ጭምር። እሷ እየሰማች ጧፎቹን ታስተካክል ነበር። ሲጨርስ እጇ ቆመ።

"እርስዎ ያዩት ልጄን አይደለም" አለችው። "የእኔ ልጅ የገባው ከድልድዩ በታች ነው። ታች ነበር የሚያጥበው። አብሮት የነበረው ጓደኛው ነግሮኛል። እርስዎ ባሉበት በኩል አላለፈም።"

ዑዘይር ያን ጊዜ የተሰማውን ሲነግረኝ ቃል አጥሮት ነበር። ወንዙ አንድ መንገድ ነው ያለው፣ ከላይ ወደ ታች። ከድልድዩ በታች የገባ ሰው በድልድዩ ሥር ሊያልፍ አይችልም። ያየው ጀሪካን ነበር፤ ወይ ቅል፣ ወይ አሻንጉሊት፣ ወይ ምንም። አላህ ያጽናሽ እትዬ፣ አላት። የሟቹ እናት መሆኗን እስኪረሳ ድረስ ደስ ብሎት ነበር፤ ይህንንም ያፍርበታል። ተነሣ፣ ካርቶኑን ወደ ነበረበት መለሰ፤ ሊሰናበታት ጎንበስ ሲል እጁን ያዘችው።

"ዓይኑ ክፍት ነበር?" አለችው።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባው። አብሮት የነበረ ጓደኛ የለም። ልጇ የት እንደገባ እሷም አታውቅም። ከድልድዩ በታች ያለችው ለእሱ አዝና ነው፤ እንዲቀለው። የሰጠችውን ግን ለራሷ ማስቀረት አልቻለችም። መጠየቅ ነበረባት።

አላውቅም ማለት ይችል ነበር። እውነቱ እሱ ነው። ነገር ግን እጁን እንደያዘች ነበር፤ ፊቷንም ቀና ብሎ አየው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የአንድ ሰው ፊት ሳይበተንበት ሙሉ ሆኖ ታየው።

"ክፍት ነበር" አላት። "ወደ ላይ ነበር የሚያየው። የፈራ አይመስልም።"

ራሷን ነቀነቀች። እጁን ለቀቀችና አንድ ጧፍ መርጣ ልትሰጠው ዘረጋች፤ ሙስሊም መሆኑ ትዝ ሲላት መለሰችው። እሱ ግን ተቀበላት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጓጉንቸሮቹ ማፍጠጣቸውን ተዉ። ግድግዳውም ግድግዳ ሆነ፣ ጋቢውም ጋቢ። ዐፊፋ ዳነ ብላ አላህን አመሰገነች። የቆርቆሮዋ ሱቅ ለመንገዱ ሥራ ስትነሣ ፒያሳ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ቦታ አገኘ፤ አዲሶቹ ጎረቤቶቹ ቅጽል ስም አላወጡለትም። ደንበኛ ሲመጣ እንደ ድሮው ቀና ብሎ ያያል።

ሌሎቹ ፊቶች ሁሉ ሄዱ፤ አንዱ ግን እየጠራ መጣ። ዑዘይር በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ፣ ሥላሴ ይሄዳል። የሺዓለም በርጩማ ገዝታለታለች። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ይጨዋወታሉ፤ ከዚያ እሷ ጧፎቹን ማስተካከል ትጀምራለች፣ እሱም ምን እንደምትፈልግ ያውቃል። እንደገና ይነግራታል። በነገራት ቁጥር የሚጨመር ነገር አለ። በሁለተኛው ጊዜ ግንባሩ ላይ የተለጠፈ ፀጉር አየ። በአራተኛው ቀይ ኮሌታ አየ። ኮሌታው ከፎቶው እንደመጣ ያውቃል፤ ሲነግራት ግን ውሃው ላይ ነው የሚታየው፣ ርሶ፣ ከአንገቱ ሥር ተጣጥፎ። ውሸት እየነገራት እንደሆነ እንዳይሰማው የሚያደርገው ይህ ነው፤ በትክክል ይታየዋል።

ሲሀም ተው አለችው። ትዝታ በወጣ በገባ ቁጥር እንደሚለወጥ፣ በመጨረሻም የነበረውና የተጨመረው እንደማይለይ ነገረችው። እሱም ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገውም። ታዲያ ለምን አትተውም ስለው፣ "የልጇ የመጨረሻ ፎቶ ያለው እኔ ዘንድ ነው። እንዴት ልከልክላት?" አለኝ።

ባለፈው ወር አብሬው ሄድኩ። እሱ ፈልጎ ነው የወሰደኝ። ትንሽ ራቅ ብዬ ብቆምም ንግግራቸው ይሰማኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ይነግራታል። ውሃው እንዴት እንዳዞረው፣ ዓይኑ እንዴት ወደ ላይ እንደነበር፣ ኮሌታው። ቀጥሎ፣ እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን፣ አፉ ተንቀሳቀሰ አለ። ይህን ሲል እሱም የደነገጠ መሰለኝ።

የሺዓለም ጧፎቹን አስቀመጠች።

"ምን አለ?" አለችው።

ዑዘይር ንጹሕ እጁን በመሀረቡ ጠረገ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር። መልስ እየፈለገ እንደነበር፣ ቢፈልግ ደግሞ እንደሚያገኝ፣ የፈራውም ይህንኑ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል።

"ውሃው ይጮህ ነበር እትዬ" አላት። "አልሰማሁም።"

እስከዛሬ ከነገራት ሁሉ እርግጠኛ የሆነው በዚህ ብቻ ነው። እሷ ግን አልተከፋችም። ጉልበቱን በእጇ ነካ አደረገችው፤ ልጅን እንደሚያባብሉ።

"ግድ የለም" አለችው። "ሌላ ጊዜ ሲመጡ ያስታውሱት ይሆናል።"